«ፍቅር እስከ መቃብር ደበረኝ» ብዬ ጉድ ፈላብኝ

ጤና ይስጥልኝ፣

በአንድ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ክፍል ነው የምሠራው። ልብ ወለድ ማንበብ የጀመርኩት ዘግይቼ ነው። ጠዋት ሰርቪስ ውስጥ፣ ማታ ደግሞ ልጄ ከተኛች በኋላ አነባለሁ። በቅርቡ «ዴርቶጋዳ»ን፣ «ኦሮማይ»ን እና «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ጨረስኩ። «አደፍርስ»ን ግን ጀምሬ ተውኩት።

ባለፈው ሻይ ሰዓት ላይ ወሬው ወደ መጽሐፍ ሄደና የተሰማኝን ተናገርኩ። «ዴርቶጋዳ» እንቅልፍ ነሳኝ አልኩ። «ፍቅር እስከ መቃብር» መጀመሪያው ደበረኝ፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ ሞት በዛብኝ አልኩ። የ«ኦሮማይ»ው ፀጋዬ አናደደኝ፣ «አደፍርስ» ደግሞ አልገባኝም አልኩ። በቃ፣ ጉድ ፈላ። ጋሼ የምንላቸው አንጋፋ ባልደረባችን «ልጄ፣ እንዲህ ያለ መጽሐፍ አይነካም፤ መጀመሪያ ሥነ ጽሑፍ ተማሪ» አሉኝ። ሌሎቹ ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ስገባ «ሐያሲዋ መጣች» ይሉኛል። አሁን መጽሐፌን በጋዜጣ ሸፍኜ ነው የማነበው። ሲጠይቁኝ «አሪፍ ነው» ብዬ አልፋለሁ።

ተራ አንባቢ አስተያየት መስጠት አይችልም ማለት ነው? ወይስ አፌን ሰብስቤ ላንብብ? ደግሞስ ቀጥሎ ምን ባነብ ይሻላል?

ሐያሲዋ ነኝ፣ ከአዲስ አበባ


እህቴ ሐያሲዋ፣

ቅጽል ስሙ ያምርብሻል፣ እኔም በእሱ ልጥራሽ።

ጥያቄሽን ቶሎ ልመልሰው። ትችያለሽ። መጽሐፉን በገንዘብሽ ገዝተሽ፣ ከእንቅልፍሽ ቀንሰሽ አንብበሽዋል። ከዚህ በላይ ፈቃድ የሚሰጥ ቢሮ የለም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲያሳትሙ ለሥነ ጽሑፍ ክፍል ተማሪ ብቻ ብለው አይመስለኝም። እንዲያ ቢሆን ኖሮ መጽሐፉ በየቤቱ ባልገባ ነበር።

ግን ጋሼም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። የተናገርሽው ሁሉ አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ደበረኝ። በዛብኝ። አናደደኝ። አልገባኝም። እነዚህ ስሜቶች ናቸው፣ እውነትም ናቸው፤ ማንም ሊከራከርሽ አይችልም። ችግሩ እዚያው ላይ ነው። ማንም ሊከራከርበት የማይችል ነገር ስትናገሪ ለሰሚው ሁለት ምርጫ ብቻ ይቀረዋል፤ ወይ ዝም ማለት፣ ወይ መሳቅ። ባልደረቦችሽ ሳቁ። ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ጨምሪበት። የቱ ጋ ነው የደበረሽ? እዚያ ቦታ ላይ ምን እየሆነ ነበር? ይህን ስትናገሪ ሌላው ሰው «እኔ ደግሞ እዚያ ጋ ነው የያዘኝ» ይላል። ጨዋታ ተጀመረ ማለት ነው።

አብረን እንሞክረው።

«መጀመሪያው ደበረኝ» ያልሽው፣ መቼም ባለታሪኳ ሰብለ ወንጌል ከመምጣቷ በፊት ያለውን ክፍል ይመስለኛል። ሰው ሁሉ ስለ ሰብለና በዛብህ እየነገረሽ ገባሽ፤ ከዚያ ማንኩሳ ስትደርሺ ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ተቀበሉሽ። የምትጠብቂያት ልጅ የለችም። ገጹ ይሄዳል፣ እሷ አትመጣም። እንዲህ ከሆነ ያሰለቸሽ ጽሑፉ ላይሆን ይችላል። የሰለቸሽ መጠበቁ ነው። ይህንን ብትነግሪያቸው ማንም ባልሳቀብሽ ነበር።

እኔ በዚህ አልስማማም። የዚያ መጽሐፍ ምርጡ ክፍል ለእኔ እሱ ነው። ውድነሽ ያገቧት ባሎች እየሞቱባት «ገፊ ናት» ተብላ ሰው የሚሸሻት ሴት ናት። ቦጋለ ደግሞ የራሱ የሚለው ጎጆ የሌለው፣ በሰው ቤት ሠርቶ የሚያድር ሰው ነው። ሁለቱም ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ ሁለቱም ከዚህ በኋላ ምንም አይጠብቁም። እንዲህ ያሉ ሰዎች ሲፋቀሩ ግጥም አይገጥሙም፤ እያፈሩ፣ እየተጠራጠሩ ነው የሚቀራረቡት። የበዛብህና የሰብለ ፍቅር ያምራል፤ የእነዚህን ግን አምነዋለሁ። ደግሞ ያለ እነሱ ታሪኩ አይቆምም። የወለዱት ልጅ፣ በዛብህ፣ እንዳይሞትባቸው ፈርተው ለቤተ ክርስቲያን ይሳሉታል። ልጁ ቆሎ ትምህርት ቤት የገባው፣ ቅኔ የተማረው፣ በኋላም የሰብለ አባት ፊታውራሪ መሸሻ ቤት አስተማሪ ሆኖ የገባው በዚያ ስለት ነው። ሰብለን ሲወድም ከድህነቱና ከዘሩ በላይ የወላጆቹ ስለት እንቅፋት ይሆንበታል።

ያም ሆኖ አንቺ «ይሁን፣ ግን ያ ሁሉ ገጽ ያስፈልገው ነበር?» ልትዪ ትችያለሽ። ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔም ስለ መጽሐፉ አንድ ቅሬታ አለኝ። ጉዱ ካሣ አንዳንዴ አፉን ሲከፍት ካሣ ሳይሆን ደራሲው ራሳቸው የሚናገሩ ይመስለኛል። የሚለው ሁሉ ልክ ነው፤ ስለ ባላባቱ፣ ስለ ጭሰኛው፣ ስለ አሮጌው ሥርዓት የሚለው ሁሉ። ግን አንዳንዱ ንግግር ለቤት ጨዋታ ሳይሆን ለአዳራሽ የተዘጋጀ ነው። ይሄው፣ እኔም ነካሁት። መብረቅ አልወረደብኝም።

«መጨረሻው ላይ ሞት በዛብኝ» ላልሽው ደራሲውን ብዙም አትውቀሺ። ሽፋኑ ላይ «መቃብር» ብለው ጽፈው ነው የሸጡልሽ።

ወደ «ኦሮማይ» እንሂድ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ አዲስ አንባቢ የሚደናገርበት ቦታ ነው። ፀጋዬ ኃይለማርያም አናደደሽ። አዲስ አበባ እጮኛው ሮማን እየጠበቀችው፣ እሱ ለደርግ የቀይ ኮከብ ዘመቻ አሥመራ ሄዶ ፊያሜታ ላይ ይወድቃል። ብትናደጂ አይገርምም። ግን ሰውየው ማናደዱ መጽሐፉን መጥፎ ያደርገዋል? ፀጋዬ ታሪኩን የሚነግረን ራሱ ነው፤ «እኔ» እያለ። ሰበቡን ሁሉ የምንሰማው ከራሱ አፍ ነው። አንድ ሰው ራሱን እያታለለ እንደሆነ እሱ ሳያውቅ አንቺ ካወቅሽ፣ ይህን ያሳወቀሽ በዓሉ ግርማ ነው። ስለዚህ ንዴትሽ ሙገሳም ሊሆን ይችላል።

ሙገሳ ነው ወይስ ነቀፋ? ለማወቅ አንድ ነገር አድርጊ። መጽሐፉን መልሰሽ ግለጪና ሮማን የምትታይባቸውን ቦታዎች ብቻ አንብቢ። መጽሐፉ ለእሷ ምን ያህል ቦታ ሰጣት? ስትናገር የራሷ ነገር አላት ወይስ እንድትጠብቅ ብቻ ነው የተቀመጠችው? ፀጋዬ ባያያት ግድ የለም፤ ደራሲው አይቷታል ወይ? ከዚያ የደረስሽበትን ይዘሽ ሻይ ሰዓት ብትገቢ፣ ሴቶቹ ባልደረቦችሽ ከአንቺ ጋር ወንበር እንደሚስቡ እወራረዳለሁ።

ስለ «ኦሮማይ» ስትናገሪ ሌላም ነገር ይገጥምሻል። «በዓሉ እኮ ሕይወቱን የከፈለበት መጽሐፍ ነው፣ እንዴት ትነቅፊዋለሽ?» የሚልሽ ሰው አይጠፋም። ታሪኩ ከባድ ነው። መጽሐፉ በ1975 እንደወጣ ከገበያ ተሰበሰበ፤ በዓሉም ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። በደርግ ዘመን መጽሐፉን የሚያነቡት ተደብቀው ነበር። ይህን ማወቅ ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ ስብሰባ፣ እያንዳንዱ ባለሥልጣን ላይ የምትወረወር ቃል ምን ያህል እንደምታስከፍል ይገባሻል። ግን የደራሲው መከራ ስለ ሮማን የጠየቅሽውን አይመልስልሽም። በዓሉን አክብሪው፣ ፀጋዬንም ተናደጂበት። ሁለቱም በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ይገባሉ።

«አደፍርስ»ን በተመለከተ አጭር ነኝ። ያልጨረስሽውን መጽሐፍ «ተውኩት» ማለት ትችያለሽ፤ «መጥፎ ነው» ማለት ግን አትችዪም። አንቺ ያልሽው «አልገባኝም» ነው፣ ስለዚህ ምንም ጥፋት የለብሽም። በ1962 ከወጣ ጀምሮ ብዙ የተማሩ ሰዎችም በዚያ መጽሐፍ ላይ ላባቸውን አፍስሰዋል። ዳኛቸው ወርቁ እጅሽን ይዞ አያስገባሽም። ሰዎቹ የሰሜን ሸዋን ንግግር እንዳለ ያወርዱታል፤ ማን እንደተናገረ ለማወቅ እንኳ መለስ ማለት ያስፈልጋል። ሰርቪስ ውስጥ፣ ሬዲዮ እየጮኸ፣ የጎን ሰው ክርን እየገፋሽ የሚነበብ መጽሐፍ አይደለም። አንድ ቀን እንደገና ብትሞክሪው ቤት ውስጥ ድምፅሽን አውጥተሽ አንብቢው። ከመንዝ ወይም ከደብረ ሲና በኩል የመጣ ትልቅ ሰው በዘመድም በጎረቤትም ካለ አጠገቡ ተቀመጪ። ዓይን ያለፈውን ቃል ጆሮ ይይዘዋል። ካልሆነም ይቅር። መጽሐፍ ትቶ መነሳት ኃጢአት አይደለም።

አሁን ወደ «ዴርቶጋዳ»። ልብ ብለሽ ከሆነ ሰዎች የሳቁብሽ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ስለነቀፍሽ ብቻ ሳይሆን ከእሱ በፊት የዚህን መጽሐፍ ደራሲ ይስማዕከ ወርቁን ስላወደስሽ ነው። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ንቀት አለ። ልብ አንጠልጣይ መጽሐፍ የሚወድ ሰው እንደ ጀማሪ ይታያል። እኔ ይህን አልወድም። ያ መጽሐፍ ሲወጣ መጽሐፍ ነክቶ የማያውቅ ስንት ወጣት አንባቢ ሆነ። ስለላው፣ የጣና ገዳማት ምስጢር፣ ምዕራፉ ሲያልቅ «ከዚያስ?» የሚያሰኘው ነገር፣ እነዚህ በዘፈቀደ አይመጡም። ደክሞት የመጣን ሰው ሌሊቱን ማስቀመጥ ችሎታ ይጠይቃል።

ግን እዚህም ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ፈልጊ። እንቅልፍ የነሳሽ ምንድን ነው? ሰዎቹ ናቸው ወይስ ምስጢሩ? ምስጢሩ ከተፈታ በኋላ ማንን ታስታውሻለሽ? እኔን ብትጠይቂኝ ሰዎቹ ያደረጉትን አስታውሳለሁ፤ ያሰቡትን ግን ብዙም አላስታውስም። ሩጫው ፈጣን ስለሆነ ቁጭ ብለው የሚተክዙበት ጊዜ አላገኙም። ውድነሽ በጣሙ ግን ምንም ሳታደርግ ቁጭ ብላ እንኳ ትታየኛለች። አንቺ ደግሞ በተቃራኒው ሊሆን ይችላል። ሁለት መጽሐፍ ከሁለት የተለያየ ነገር ይሠራል፤ ሁለቱንም በአንድ ሚዛን መመዘን ነው ክርክሩን የሚያበላሸው።

ጋሼን ምን ላድርጋቸው ካልሽ፣ ጠይቂያቸው። ለመልስ ምት አይደለም፤ ከልብሽ ጠይቂያቸው። «ጋሼ፣ እርስዎ የቱ ጋ ነው በጣም የወደዱት?» በያቸው። ምን እንደሚመልሱ አላውቅም፤ አንድ ነገር ግን እጠረጥራለሁ። በእሳቸው ዕድሜ ያለ ብዙ ሰው «ፍቅር እስከ መቃብር»ን መጀመሪያ ያገኘው በጆሮው ነው። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ቤተሰብ ሁሉ ሬዲዮኑን ከቦ ይሰማ ነበር። ወጋየሁ ፊታውራሪ መሸሻን ሲሆን ጉሮሮው ይከብዳል፣ ወዲያው ሌላ ሰው ይሆናል፣ ዝም ሲል እንኳ ትሰሚዋለሽ። ያ ድምፅ ጋሼ ጆሮ ውስጥ እስከ ዛሬ ካለ፣ የመጀመሪያው ክፍል እንዴት ሊደብራቸው ይችላል? አንቺ ደግሞ ያነበብሽው ጠዋት ሰርቪስ ውስጥ፣ የቀኑን ሥራ እያሰብሽ ነው። ስለ አንድ መጽሐፍ የምታወሩ ይመስላችኋል እንጂ ያገኛችሁት ነገር ለየቅል ነው። ትረካውን ፈልገሽ ስሚው፤ ቅጂው አልጠፋም። የቦጋለና የውድነሽን ክፍል በእሱ ድምፅ ሰምተሽም ከደበረሽ፣ ያኔ ለጋሼ ንገሪያቸው። ሐሳብሽን ሳያከብሩ የሚቀሩ አይመስለኝም።

«ሐያሲዋ» የሚሉሽን ደግሞ ተያቸው። ተናደሽ ስታያቸው ነው የሚጣፍጣቸው። «እሺ፣ ሐያሲዋ ዛሬ ስለ ምን ትናገር?» ብለሽ ብትቀመጪ በሳምንቱ ይሰለቻቸዋል፤ ካልሰለቻቸውም አድማጭ አገኘሽ።

«አሪፍ ነው» እያልሽ ማለፉን ግን አልወደድኩልሽም። የመጽሐፍ ምረቃ ላይ ተገኝተሽ ታውቂ እንደሆነ፣ መድረክ ላይ የሚወጣው ሁሉ የሚያሞግስ ነው። ጓደኛው ነው፣ ወይ ነገ የእሱን መጽሐፍ የሚያስመርቅ ነው። ነቀፋ ካለም ከመድረክ ወርደው በሹክሹክታ ነው። ስለዚህ መጽሐፍ እውነቱ የሚነገረው ሻይ ሰዓት ላይ፣ ከደራሲው ጋር ዝምድና በሌላቸው እንደ አንቺ ባሉ ሰዎች ነው። እናንተም «አሪፍ ነው» ብላችሁ ካለፋችሁ ማን ቀረ?

ለሥራው የሚረዳሽ አንድ ትንሽ ልማድ ልንገርሽ። እርሳስ ያዢ። ስክሪብቶ አይደለም፣ እርሳስ፤ መጽሐፉን ለሌላ ታውሺዋለሽና። የሳቅሽበት፣ የተናደድሽበት፣ ያዛጋሽበት ቦታ ላይ ከዳር ጭረት አድርጊ። ያዛጋሽበትንም አትርሺ። የመጨረሻው ባዶ ገጽ ላይ የሰዎቹን ስም ጻፊ፤ ማን የማን ልጅ እንደሆነ ሰርቪስ ውስጥ ይጠፋብሻል። ሒሳብ ሠራተኛ ነሽ፣ ደረሰኝ ሳትይዢ ወጪ እንደማትመዘግቢ እኔ ልነግርሽ አይገባም። ገጹን አውጥተሽ «ይሄው፣ እዚህ ጋ» ስትዪ ጋሼም መነጽራቸውን ያደርጋሉ። ደግሞ ያላነበበ ሰው ካለ መጨረሻውን አትንገሪ። በዚህ ላይ ምንም ይቅርታ የለኝም።

ቀጥሎ ምን ላንብብ ላልሽው ሁለት ነገር ልጠቁምሽ።

አንደኛው «ነገም ሌላ ቀን ነው»። የማርጋሬት ሚቼልን ልብ ወለድ ነቢይ መኮንን የተረጎመው በደርግ ዘመን እስር ቤት ሆኖ ነው፤ ወረቀት ስላልነበረ የሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ነበር የጻፈው። ይህን የመረጥኩልሽ በፀጋዬ ስለተናደድሽ ነው። ስካርሌት ኦሃራ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ታናድድሻለች፤ ግን መጽሐፉን አታስቀምጪውም። ለምን እንደማታስቀምጪው ስታውቂ ለእኔም ጻፊልኝ። ጦርነቱ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ነው፤ ስለ ባርነት የሚያሳየው ነገር በባሪያ አሳዳሪዎቹ ዓይን የታየ ነው፣ እዚያ ጋ እርሳስሽን አትቆጥቢ።

ሁለተኛው የአዳም ረታ «ማህሌት»። አጫጭር ታሪኮች ናቸው። አዳምን በወፋፍራሞቹ ልብ ወለዶች የጀመረ ሰው ብዙ ጊዜ «አደፍርስ» ላይ እንደሆነብሽ ይሆንበታል፤ በአጭሩ የጀመረ ግን አካሄዱን ይለምደዋል። አንዱን ታሪክ በአንድ የሰርቪስ ጉዞ ትጨርሺዋለሽ። ቢደብርሽ የጠፋሽ አንድ ጠዋት ብቻ ነው፤ የቱ ጋ እንደደበረሽ ግን ትነግሪናለሽ።

አዲሱን ካጣሽው ወይም ዋጋው ከከበደሽ ያገለገሉ መጻሕፍት የሚሸጡበት ሂጂ። ሻጮቹ ራሳቸው አንባቢዎች ናቸው፤ «ይሄን ከወደድሽ ያንን ሞክሪ» ይሉሻል፣ አብዛኛውን ጊዜም ይሳካላቸዋል። ዋጋ ተከራከሪ፣ እነሱም ይጠብቁታል። ግን ከመክፈልሽ በፊት መጨረሻውን ገልጠሽ እዪ። አሮጌ መጽሐፍ መጀመሪያ የሚለቅቀው የኋላ ገጾቹን ነው፤ ታሪኩ ሳያልቅ መጽሐፉ አልቆ ቤትሽ ብትገቢ ማንንም መክሰስ አትችዪም።